ሰባት ቤት የሚቆጥሩ እናቶች

ወይዘሮ የተመኙ ዐሥር ዓመት ሳይሞላቸው ተዳሩ። ባላቸው አለቃ ፀጋ ሁለት ዐሥርት ዓመታት ያህል የሚበልጧቸው፣ ቅኔ የተካኑ፣ ከፍ ካለ ማዕረግ ለመድረስ የቆረጡ የጎንደር ካህን ነበሩ። ልጅቱ በዚያ ቤት አደገች፤ ወለደች፤ ከወለደቻቸውም ቀበረች። ጣልያን ጎንደር ሲገባ አየች። የእንግሊዝ አውሮፕላኖች ከተማዋን ሲደበድቡ ልጆቿን ይዛ ወጣች። ባሏ በታሰሩ ጊዜ አዲስ አበባ ድረስ ዘልቃ ንጉሠ ነገሥቱን ደጅ ጠናች። ባል ከሞተ በኋላም የቤተሰቡ ምሰሶ እርሷ ሆነች። ንጉሡ ሲወርዱ፣ አብዮቱ ሲፈነዳ፣ ወንድም ከወንድሙ ሲዋጋ ሁሉንም በዓይኗ አይታ፣ ከዘጠና ዓመት በላይ ኖራ ዐረፈች።

ይህ ሁሉ ዛሬ የሚታወቀው አንዲት የልጅ ልጅ ቁጭ ብላ ስለ ጠየቀች ነው። አይዳ እደማርያም ከኢትዮጵያዊ አባትና ከካናዳዊት እናት የተወለደች፣ አዲስ አበባ ያደገች፣ በእንግሊዙ ጋርዲያን ጋዜጣ የምትሠራ ጸሐፊ ናት። የአያቷን ወግ ለዓመታት አዳመጠች፤ የሰማችውን ከዘመኑ ታሪክ ጋር አስተያየች፤ በ2018 እ.ኤ.አ. «ዘ ዋይፍስ ቴል» በሚል ርእስ በእንግሊዝኛ አሳተመችው። መጽሐፉ በዓመቱ የብሪታንያ ሮያል ሶሳይቲ ኦቭ ሊትሬቸር የሚሰጠውን የኦንዳቼ ሽልማት አገኘ። ወይዘሮ የተመኙ ንግሥት አልነበሩም፤ የጦር አዝማችም አልነበሩም። የአንድ ጎንደሬ ቤት እመቤት ነበሩ። የሃያኛውን መቶ ክፍለ ዘመን የኢትዮጵያ ታሪክ ከማጀት በኩል ለማየት የፈለገ ሰው ግን ዛሬ እርሳቸውን ሳያነብ አያልፍም።

አሁን የጸሐፊዋን ስም በኢትዮጵያ ሥርዓት እስከ አያት እንቁጠረው፦ አይዳ እደማርያም ፀጋ። የልጅቱ፣ የአባቷና የወንድ አያቷ ስም ነው። ታሪኩን በልባቸው ይዘው ለዚህ ያበቁት የተመኙ በሦስቱም ውስጥ የሉም። በየመታወቂያችን፣ በየፓስፖርታችን፣ በየትምህርት ማስረጃችን የተጻፈው ስም እንዲሁ ነው። እናት ቢበዛ ለአንድ ትውልድ በልጆቿ አፍ «እማዬ» ተብላ ትቆያለች፤ የልጅ ልጆች ሲመጡ «እማማ» ወይም «እቴቴ» ትሆናለች፤ ከዚያ ወዲያ ስሟን የሚያውቅ ይጠፋል። ብዙ ሰው የአባቱን አያት ስም ሳያመነታ ይናገራል። የእናቱ እናት እናት ማን ትባል እንደ ነበር ሲጠየቅ ግን ዝም ይላል።

የሚያሳዝነው፣ ይህ ዝምታ ከጥንት የወረስነው አለመሆኑ ነው። በጎንደር፣ በጎጃም፣ በወሎና በሰሜን ሸዋ ገጠር የትውልድ ቆጠራ የአባትን ወገን ብቻ ይዞ የሚሄድ አልነበረም። ርስት የሚገኘው በአባትም በእናትም ነው። የመጀመሪያው አቅኚ አባት ያቀናው ምድር በልጆቹ ይከፈላል፤ ወንዱም ሴቷም ድርሻ ይቆጠርላቸዋል፤ ከእነርሱ የተወለደ ሁሉ፣ መስመሩን በአያቱም ይሁን በአያቱ እናት በኩል አስረድቶ ማሳየት ከቻለ፣ «ድርሻ አለኝ» ብሎ ሊቆም ይችላል። በ1950ዎቹ መጀመሪያ ዓ.ም. ጎጃም ውስጥ ደጋ ዳሞት ተቀምጦ ይህን ሥርዓት ያጠናው አሜሪካዊው የአንትሮፖሎጂ ምሁር አለን ሆበን በ1973 እ.ኤ.አ. ባሳተመው መጽሐፉ በዝርዝር ጽፎታል። ዋና አባት፣ ምንዝር አባት፣ በየወገኑ ተመርጦ ስለ ድርሻው የሚቆመው ፈጅ፣ ሁሉም በዚያ መጽሐፍ ውስጥ በአማርኛ ስማቸው ይገኛሉ።

እዚህ ላይ የእናት ሥራ ጎልቶ ይወጣል። ሴት ልጅ ስትዳር ወደ ባሏ ቀዬ ትሄዳለች። ድርሻዋ በወንድሞቿ እጅ ይቀራል፤ እነርሱ ያርሱታል፣ ልጆቻቸውም ይለምዱታል። ከሃያ ወይም ከሠላሳ ዓመት በኋላ ልጇ ጎልምሶ መሬት ሲያጥረው ወደ እናቱ አገር ተነሥቶ «እኔም የእገሊት ልጅ ነኝ» ሊል ይመጣል። የሚቀበለው ፊት ፈገግ ያለ አይደለም። ያን ጊዜ ልጁ በእጁ ያለው ሀብት አንድ ብቻ ነው፦ እናቱ ሲፈትሉም፣ ሲያበጥሩም፣ ቡና ሲያፈሉም ደጋግመው የነገሩት ቆጠራ። እገሌ እገሌን ወለደ፣ እገሌ እገሊትን ወለደ፣ እገሊት እኔን ወለደች። አንድ ስም ቢዘለል ወይም ቢሳሳት ባላጋራ ያን ይዞ ይጥለዋል። እናት ለልጇ የምታወርሰው የመሬቱን ስም፣ የወሰኑን ድንጋይና የምስክሮቹን ቤት ጭምር ነበር።

ሴቶቹ በማጀት ብቻም አልቀሩም። የታሪክ ምሁሩ ዶናልድ ክረሚ የጎንደር ዘመን አብያተ ክርስቲያናት በወንጌላቸው ኅዳግ ያኖሯቸውን የመሬት ውሎች ሲመረምር፣ ሴቶች መሬት ሲገዙ፣ ሲሸጡ፣ ሲያወርሱና ሲሟገቱ አግኝቷቸዋል። በበጌምድር ሴቶች የንብረት ሙግት ላይ ለብቻው የጻፈው ጥናትም አለ። ወይዘሮ የተመኙ በባላቸው ምክንያት አዲስ አበባ ወጥተው ደጅ ሲጠኑ፣ ከእርሳቸው በፊት ሁለት መቶ ዓመት ሙሉ ዳኛ ፊት ቆመው «አቤት» ያሉ የጎንደር ሴቶች መንገዱን አቅንተውላቸው ነበር ማለት ነው።

ዙፋኑ ሳይቀር በሴት መስመር ተቆጥሯል። የ1923ቱም የ1948ቱም ሕገ መንግሥት የቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴን የዘር ሐረግ ከሸዋው ንጉሥ ከሣህለ ሥላሴ ጋር አያይዘው ወደ ንግሥተ ሳባና ወደ ንጉሥ ሰሎሞን ይወስዱታል። ንጉሠ ነገሥቱ ግን ከንጉሥ ሣህለ ሥላሴ የሚወለዱት በማን ነው? በአባታቸው በራስ መኮንን እናት፣ በወይዘሮ ተናኘ ወርቅ ሣህለ ሥላሴ። ልጅ ኢያሱም ከምኒልክ የሚገናኙት በእናታቸው በወይዘሮ ሸዋረጋ ነው። የአገሪቱ ከፍተኛ ሕግ በአንዲት ሴት አያት የትውልድ ሐረግ ላይ ተደግፎ ቆሞ ሳለ፣ ተራው ዜጋ የሴት አያቱን ስም መርሳቱ የሚያስቆጭ ነው።

ከመሬቱ ሌላ ቆጠራውን በሕይወት ያቆየው ጋብቻ ነው። ሽማግሌዎች ሊያጩ ሲመጡ፣ የልጅቱ አያት ከጓዳ ጥያቄ ይልካሉ፦ «የማን ልጅ ነው? እናቱስ የማን ናት? ከየትኛው ደብር?» መልሱ ሲመጣ ጣታቸውን አንድ በአንድ እያጠፉ ይወርዳሉ፤ አያት፣ ቅድመ አያት፣ ምንጅላት። በመካከሉ አንድ ስም ላይ ይቆማሉ። «ይቺ ሴት የአለቃ እገሌ እህት አልነበረችም?» ይላሉ። እርሳቸው ራሳቸውን ከነቀነቁ ጉዳዩ አለቀ፤ ጥሎሹም ሽርጉዱም ይቀራል። ከሰባት ቤት በታች ያለ ዘመድ አይጋባም፤ ሰባት ቤቱን የሚያውቁት ደግሞ እርሳቸው ናቸው።

የመንግሥት ሕግ ከዚህ በእጅጉ ያጠረ ነው። ሰኔ 27 ቀን 1992 ዓ.ም. የወጣው የተሻሻለው የፌዴራል የቤተሰብ ሕግ በሥጋ ዝምድና የሚከለክለው ወደ ላይና ወደ ታች በቀጥታ የሚወለዱትን፣ ወደ ጎን ደግሞ ወንድምና እህትን፣ አክስትና አጎትን ከወንድምና ከእኅት ልጆች ጋር ነው። ከዚያ ወዲያ ያለውን ለባህልና ለሃይማኖት ትቶታል። ስለዚህ ከአክስት ልጅ እስከ ሰባተኛው ቤት ያለው ሰፊ መስክ ያለ ጽሑፍ፣ ያለ መዝገብ፣ በአረጋውያን ትዝታ ብቻ ይጠበቃል። የሚጠብቁት ሰዎች ደግሞ በየዓመቱ እያነሱ ነው።

በእስራኤል የሚኖሩ ቤተ እስራኤላውያን ይህን ሥርዓት ይዘውት ሄደዋል። በነርሱም ዘንድ ሰባት ትውልድ ያልራቀ ዘመድ አይጋባም፤ ወጣቶች ሲተጫጩ ሽማግሌዎችና የሁለቱ ወገን እናቶች ይጠየቃሉ። ግንቦት 16 እና 17 ቀን 1983 ዓ.ም. በዘመቻ ሰሎሞን ከ14,000 በላይ ሰው በ36 ሰዓት ውስጥ ሲጓጓዝ፣ አብዛኛው ሰው ይዞት የሄደው ልብሱን ነበር። እዚያ ሲደርሱ የመዝጋቢ ጸሐፊዎች ለብዙዎቹ የዕብራይስጥ ስም ሰጧቸው፤ የአባት ወይም የአያት ስምም የቤተሰብ ስም ሆኖ ጸና። በወረቀት ላይ የማይተዋወቁ የሚመስሉ ሰዎች የአንድ አያት ልጆች ሆነው ይገኛሉ። ይህን ውል የሚፈቱት ዛሬም የጎንደርን የየመንደሩን ስም የሚያስታውሱ አሮጊቶች ናቸው። ይህ የዘር ታሪክ ዕውቀት ባሕር ተሻግሮም ተግባር እንዳለው ከዚህ የበለጠ ማስረጃ አያስፈልግም።

የካቲት 25 ቀን 1967 ዓ.ም. የገጠር መሬት የሕዝብ ሀብት ሲሆን ርስት ቀረ፤ የርስት ሙግትም አብሮ ቀረ። አዋጁ ጭሰኛውን ነጻ አውጥቷል፤ በዚህ የሚቆጭ ሊኖር አይገባም። ግን ቆጠራውን ያቆመው ምሰሶ በዚያ ቀን መነቀሉም እውነት ነው። እናት ለልጇ የምንጅላቷን ስም የምትነግርበት ዋናው ምክንያት ጠፋ። በዚያን ዓመት ሃያ ዓመት የሞላት ወጣት ዛሬ ከሰባ በላይ ናት። የርስት ክርክር ሲካሄድ በዕድሜ ደርሰው የሰሙ፣ ከነክርክሩ የሚያስታውሱ ሰዎች እነዚህ የመጨረሻዎቹ ናቸው።

ለዚህ ነው ጉዳዩ በይደር የሚቆይ ያልሆነው። መንግሥት የጀመረው ነገር አለ። በ2004 ዓ.ም. በወጣው አዋጅ መሠረት የወሳኝ ኩነት ምዝገባ በአገር አቀፍ ደረጃ ሐምሌ 30 ቀን 2008 ዓ.ም. ተጀምሯል፤ በልደት መዝገቡም የአባትም የእናትም ስም ይሰፍራል። በጎ ነገር ነው። ነገር ግን መዝገቡ የሚጠቅመው ከእንግዲህ ለሚወለዱት ነው። ከዚያ በፊት በገጠር የተወለደው ሕዝብ መዝገቡ የእናቱ አፍ ነው፤ በአንዳንድ ቤት ደግሞ በዳዊቱ ባዶ ገጽ ላይ በቀይና በጥቁር ቀለም የተጻፈች አንዲት መስመር፣ «ልጄ እገሊት በጥቅምት ሚካኤል ተወለደች» የምትል።

ይህ ሥራ ሊማሩትና ሊያስተምሩት የሚቻል መሆኑን ያሳየች አንዲት እናት ሩቅ አገር ነበረች። ሱዛ ያንግ ጌትስ በ1856 እ.ኤ.አ. በአሜሪካ በሶልት ሌክ ሲቲ ተወለደች፤ አባቷ የሞርሞኖቹ መሪ ብሪገም ያንግ ነው። ዐሥራ ሦስት ልጆች ወልዳለች፤ ከእነርሱም ብዙዎቹን በልጅነታቸው ቀብራለች። የወጣት ሴቶች መጽሔት መሥርታ ስታዘጋጅ ቆይታ፣ ጽኑ ሕመም ካለፈባት በኋላ በቀሪ ዕድሜዋ ሙሉ ወደ ትውልድ ምርምር ገባች። የሰፊውን የያንግ ቤተሰብ ሐረግ ሰበሰበች። ከዚያ በላይ ያደረገችው ግን ዕውቀቱን ለራሷ አለማስቀረቷ ነው፤ በቤተ ክርስቲያኗ የሴቶች ማኅበር ውስጥ ትምህርት አደራጅታ፣ በ1918 መማሪያ መጽሐፍ አሳትማ፣ የቤት እመቤቶች መዝገብ እንዴት እንደሚያነቡና የሰበሰቡትን ስም እንዴት እንደሚያሰፍሩ አስተማረች። በ1933 ስታርፍ፣ በ1894 በዩታ የተመሠረተው የትውልድ ሐረግ ማኅበር ሥር ሰድዶ ነበር፤ ዛሬ በዓለም ከታወቁት የቤተሰብ ታሪክ ማኅደሮች አንዱን የያዘው ያው ተቋም ነው። የእነርሱ ምክንያት ሃይማኖታዊ ነው፤ ስለ ሙታን ዘመዶቻቸው በቤተ መቅደስ ሥርዓት ይፈጽማሉ። ምክንያቱ የኛ ባይሆንም ዘዴው ለኛም ይሆናል። በዕድር፣ በሰንበቴና በማኅበር የተደራጀ ሕዝብ ያለባት አገር፣ ሴቶች ተሰብስበው የየቤታቸውን ትውልድ ለመጻፍ አዲስ ማኅበር መፍጠር እንኳ አያስፈልጋትም።

አንድ ከባድ ተቃውሞ አለ፤ ሳይመለስ ሊታለፍ አይገባም። «ዘር መቁጠር አገሪቱን የት እንዳደረሳት አይታችሁ የለም ወይ?» የሚል። ሰው በዘሩ ተለይቶ በተፈናቀለበትና በተገደለበት ዘመን፣ ሐረግ መቁጠርን ማበረታታት እሳት ላይ ጭድ መጨመር የሚመስለው ሰው ቢኖር አይፈረድበትም። ነገር ግን ሰውን በጅምላ የሚፈርጀው ቆጠራ አጭር ነው፤ አንድ የአባት ስም ሰምቶ ይበቃዋል። ረጅሙና የእናትን ወገን የሚጨምረው ቆጠራ ውጤቱ ሌላ ነው። የቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴን ባለቤት እቴጌ መነን አስፋውን እንውሰድ። አባታቸው የአምባሰሉ ጃንጥራር አስፋው ናቸው። እናታቸው ወይዘሮ ስሂን የንጉሥ ሚካኤል ልጅ ናቸው። ንጉሥ ሚካኤል ደግሞ ክርስትና ከመነሣታቸው በፊት መሐመድ ዓሊ የሚባሉ የወሎ ኦሮሞ ሙስሊም መስፍን ነበሩ። ከንጉሠ ነገሥቱና ከእቴጌ መነን የተወለደው ሁሉ፣ በእናቱ በኩል ሦስት ደረጃ ሲወጣ እኚህን ሰው ያገኛቸዋል። በአባት ስም ብቻ የቆጠረ ይህን አያይም። በተራውም ቤት እንዲሁ ነው፤ በእናት በኩል አራት አምስት ቤት ወደ ላይ የተቆጠረበት ቤተሰብ ከሌላ አውራጃ፣ ከሌላ ቋንቋ፣ አንዳንዴም ከሌላ ሃይማኖት የመጣች ሴት ሳያገኝ መቅረቱ ብርቅ ነው። አፈናቃዩ ይህን ማወቅ አይፈልግም፤ ለዚህም ነው መታወቅ ያለበት።

የትዝታ ድክመትም ሊሸሸግ አይገባም። ርስት ያለበት ቆጠራ ጥቅም ያለበት ቆጠራ ነው፤ ተሟጋች ለመሬት ሲል ስም ጨምሯል፣ ስም ቀንሷል፣ ባሪያ የነበረችን ቅድመ አያት እመቤት አድርጓል፣ ከድሀ የተወለደውን ከመኳንንት አዋልዷል። እናቶችም ከዚህ ነጻ አይደሉም፤ ያፈሩበትን ይደብቃሉ፣ የወደዱትን ያደምቃሉ። ስለዚህ ጠያቂው የሁለት ሰው ቃል ያስተያይ፤ የእማማን ለብቻ፣ የታናሽ እህታቸውን ለብቻ ያድምጥ። ሁለቱ የተለያዩበት ቦታ ብዙ ጊዜ ዋናው ታሪክ የተኛበት ነው።

ዓመተ ምሕረት ጠይቆ መልስ መጠበቅም ከንቱ ነው። ከከተማ የሄዱ ልጆች የሚሳሳቱት እዚህ ላይ ነው። «በስንት ዓመተ ምሕረት ተወለዱ?» ሲባሉ እማማ «እኔ ምን አውቄ» ብለው ዝም ይላሉ፤ ልጁም «አያስታውሱም» ብሎ ይነሣል። «ጣልያን ሲገባ ያዝሉዎት ነበር ወይስ ይሮጡ ነበር?» ብሎ ቢጠይቅ ግን «ኧረ ያን ጊዜማ እንስራ ተሸክሜ ውኃ እወርድ ነበር» ይሉታል፤ ጣልያን ጎንደር የገባው በ1928፣ እጁን የሰጠውም ኅዳር 18 ቀን 1934 ስለሆነ፣ ዕድሜያቸው ከዚያ ይገኛል። የእርሳቸው እናት ደግሞ ከ1880 እስከ 1884 ዓ.ም. የቆየውን፣ ክፉ ቀን የተባለውን ረሀብ ያለፉ ወይም ከዚያ በኋላ የተወለዱ መሆናቸውን ይነግሩታል። ከብት ያለቀበት ዓመት፣ አንበጣ የወረደበት ክረምት፣ የ1966ቱ ረሀብ፣ የዘመቻ ተማሪዎች ወደ መንደሩ የመጡበት ጊዜ፣ እነዚህ ሁሉ የእናቶች ካሌንደር ናቸው። ቀኑን ደግሞ በታቦት ያውቁታል፤ «በሐምሌ ሥላሴ ማግስት» የሚል መልስ ከማንኛውም የልደት ካርድ የማያንስ ማስረጃ ነው።

ስም ሲጠየቅም አንዱ ስም አይበቃም። የዓለም ስም፣ የክርስትና ስም፣ ባል ቤት የወጣላት ስም፣ ልጆች የሚጠሩበት የቁልምጫ ስም አለ። አንዲት ሴት በአራት ስም ተጠርታ፣ በአራተኛው ብቻ ታውቃ ትሞታለች። የተወለደችበት ጎጥና ደብር፣ የተዳረችበት ቀዬ፣ ስንት ወልዳ ስንቱ እንዳደገላት፣ ማን አዋላጅ እንደ ነበረች ሁሉ ይጻፍ። የሞቱት ልጆች ስምም ይጻፍ፤ እናት ከኖሩት ይልቅ እነርሱን በሥርዓት ትቆጥራለችና። በግድግዳ ላይ የተሰቀለውና በሻንጣ ውስጥ ያለው ፎቶግራፍ ወርዶ፣ በጀርባው የማን እንደ ሆነ በእርሳስ ይጻፍበት።

በሜሪላንድ፣ በቶሮንቶ፣ በስቶክሆልም ያደገው ወጣት ምራቁን በቱቦ ልኮ የዘረመል (ዲኤንኤ) ምርመራ ያስደርጋል፤ በመቶኛ የተከፋፈለ ሠንጠረዥና ያላያቸው የሩቅ ዘመዶች ዝርዝር ይላክለታል። ቁጥሩ ያስደንቅ ይሆናል፤ ነገር ግን ቅድመ አያቱ ማን ትባል እንደ ነበር፣ ለምን ከደብረ ታቦር ተነሥታ ወደ ደሴ እንደ ሄደች፣ ማን አሳድጓት እንደ ነበር የሚነግረው ቤተ ሙከራ የለም። እርሱን የሚነግሩት በስልክ ማዶ «አለህ ወይ ልጄ?» የሚሉት ሴት ናቸው። ገንዘቡን ለምርመራው ከመክፈሉ በፊት አንድ የእሑድ ከሰዓት በኋላ ደውሎ ቢጠይቃቸው የተሻለ ያተርፋል።

የተቀዳው ድምፅ ግን በስልክ ውስጥ እንዲሞት መተው የለበትም። ስልክ ይሰረቃል፣ ይሰበራል፣ ይቀየራል። ወደ ወረቀት ይገልበጥ፤ ቢያንስ በሦስት ቤት ይቀመጥ፤ አንዱ ቅጂ ከአገር ውጭ ያለ ዘመድ ጋ ይሁን። አዲስ አበባ ያለው የኢትዮጵያ ቤተ መዛግብትና ቤተ መጻሕፍት፣ የአዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲው የኢትዮጵያ ጥናትና ምርምር ተቋምም፣ የነገሥታቱን ዜና መዋዕል በሚያኖሩበት መደርደሪያ አጠገብ ለተራ ቤተሰብ የትውልድ መዝገብ ቦታ ቢያዘጋጁ፣ ሕዝቡንም «አምጡ» ብለው ቢጠሩ፣ ከሃምሳ ዓመት በኋላ የሚመጣው ተመራማሪ ያመሰግናቸዋል። የታሪክ መምህራንም ይህን ለተማሪዎቻቸው የዓመት ሥራ አድርገው ሊሰጡ ይችላሉ፤ ወጪ የለውም፤ እያንዳንዱ ተማሪ ወደ ቤቱ ሄዶ የሴት አያቱን ጠይቆ አራት ገጽ ጽፎ ይመለሳል።

አንባቢ ሆይ፣ በመጪው በዓል ዘመድ ሲሰበሰብ፣ ወጥ ወጥቶ ቡና ሲፈላ፣ በዕድሜ ከሁሉ የሚበልጡት እናት አጠገብ ተቀመጡ። ስልካችሁን ከፍታችሁ ድምፅ መቅጃውን አስጀምሩ፤ ፈቃዳቸውንም ጠይቁ። የመጀመሪያው ጥያቄ ስለ አባታቸው አይሁን፤ እናታቸው ማን እንደሚባሉ፣ የእናታቸውም እናት ማን እንደ ነበሩ ጠይቁ፤ ስማቸውንም በሙሉ ጻፉ።